ስለ ኡሎንግ ሻይ ለጻፋችሁት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁን የማነበው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሰፈራችን ካለችው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ። ከሁለት ሳምንት በፊት ጤና ዓምዳችሁ ላይ ስለ ኡሎንግ ሻይ የወጣውንም እዚያው ነው ያነበብኩት። ደስ ብሎኝ ጀመርኩት። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ኡሎንግ አረንጓዴና ጥቁር ሻይ ተደባልቆ የሚዘጋጅ ነው ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ቦርጭ ያጠፋል ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ እኛም ተራራ ሞልቶናል፣ ምን ይጎድለናል የሚል ነገር አለ።

ቦርጩን እንኳ ልተወው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠጥቼዋለሁ፤ ቦርጬ አብሮኝ ሄዶ አብሮኝ ተመልሷል። የተራራውን ነገር ወደ መጨረሻ እመጣበታለሁ። ድብልቁን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ያ ሻይ እንዴት እንደሚሠራ ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ አይቻለሁ፤ አይቼም አልቀረሁ፣ አንድ ትሪ ቅጠል በገዛ እጄ አበላሽቻለሁ።

ታይዋን የሄድኩት ለትምህርት ነው። እንደኔው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የመጡ የሀገር ልጆች ስለነበሩ እሁድ እሁድ ታይፔ ውስጥ እየተሰባሰብን ቡና እናፈላ ነበር። ሻዩን ያስለመደኝ ላብራቶሪ ውስጥ አጠገቤ የሚሠራ የሀገሩ ልጅ ነው። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ይመስለኛል፣ «አጎቴ ሻይ እየለቀሙ ነው፣ አብረን እንሂድ?» አለኝ። ሄድን። ቺያይ ከምትባል ከተማ በ18 ቁጥር መንገድ ወደ አሊሻን ተራሮች የሚወጣውን አውቶቡስ ያዝን። የእንጦጦን መንገድ አስቡት፣ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚጠማዘዝ። ከታች ሙዝ፣ መሐል ላይ ቀርከሃ፣ ከላይ ሻይ። የወረድንባት መንደር ሺጁዎ ትባላለች፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ናት።

እዚያ ሀገር «የከፍተኛ ተራራ ሻይ» የሚባለው ከ1,000 ሜትር በላይ የበቀለ ነው። አሊሻን አንዱ ነው። ሻንሊንሺ አለ፣ ዩሻን አለ፣ ከነዚህ በላይ ደግሞ ሊሻን፤ እሱ 2,000 ሜትርን ያልፋል። ሊሻን ድሮ ፖምና ፒር የሚበቅልበት ነበር፤ ሻዩ በኋላ ነው የመጣው። ታይዋን ሻይ መላክ የጀመረችው ከድሮ ጀምሮ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በ1869 ጆን ዶድ የሚባል ብሪታንያዊ ነጋዴ «ፎርሞሳ ኡሎንግ» ብሎ በቀጥታ ወደ ኒውዮርክ ጭኖ ነበር፣ ያ የሰሜኑ የዝቅተኛ ኮረብታ ሻይ ነው። የተራራው ሻይ ገና የትናንት ነው፤ እሱ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። እኔም ስሄድ የሺህ ዓመት ባህል ላይ የምወጣ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ድብልቁ። ሻይ ሁሉ፣ አረንጓዴውም ጥቁሩም ኡሎንጉም፣ ከአንድ ተክል ነው የሚመጣው። ሳይንሱ ካሜሊያ ሳይነንሲስ ይለዋል። ልዩነቱ ከተቀጠፈ በኋላ ቅጠሉ ላይ የሚደረገው ነው። ድንች ልጣችሁ ውሃ ውስጥ ሳትነክሩት ብትረሱት ይጠቁር የለም? የሻይ ቅጠልም ሲቆስል እንደዚያ ነው። ውስጡ ያለው ኢንዛይምና አየሩ ይገናኙና ይቀላል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ወዲያው ብታሞቁት ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ቅጠሉ አረንጓዴ እንዳለ ይቀራል። እስከ መጨረሻው ብትተዉት የኛው የቤታችን ጥቁር ሻይ ነው። ኡሎንግ መሐል ላይ ነው የሚቆመው። መሐል ማለት ደግሞ ሰፊ ሜዳ ነው። የአሊሻን ሻይ አብዛኛውን ጊዜ ሩብ መንገድ ላይ፣ አንዳንዴም ከዚያ በፊት ይቆማል፤ ከዚያ አልፈው በጣም የሚያቀሉትም አሉ። ይሄ መብላላት አይደለም። ጽሑፋችሁ «የተብላላ» ይላል። እርሾ የለበትም፣ እንደ ሊጥ አይቦካም። ከአየር ጋር መዋሃድ ነው፣ በቃ።

እንግዲህ ያ ቀን እንዴት እንዳለፈ ልንገራችሁ።

ለቀማው የሚጀመረው ጤዛው ከረገፈ በኋላ ነው። ለቃሚዎቹ አብዛኞቹ ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች ናቸው። ሰፊ ባርኔጣ፣ አበባ አበባ ያለበት የክንድ መሸፈኛ፣ ሌባ ጣታቸው ላይ ደግሞ በፕላስተር የታሰረች ምላጭ። ጭርት፣ ጭርት፣ ጭርት። እጃቸው ላይ ዓይኔን ተክዬ ለመከተል ሞክሬ አልቻልኩም። የሚቆርጡት እምቡጧን ብቻ አይደለም። ለጥሩ አረንጓዴ ሻይ ጨቅላዋ እምቡጥ ትፈለጋለች። እዚህ ግን እምቡጧ ተከፍታ ቅጠል እስክትሆን ይጠበቅና፣ ከስሯ ካሉት ሁለት ወይም ሦስት ቅጠሎች ጋር ከነአገዳዋ ትቆረጣለች። አገዳዋ ለምን እንዳስፈለገች ማታ ላይ ነው የገባኝ።

ቅጠሉ ወዲያው ተጭኖ መጣና ቤቱ ፊት ለፊት ያለው የሲሚንቶ ሜዳ ላይ በሸራ ተሰጣ። ልክ ብቅል እንደሚሰጣ። ፀሐዩ ሲበረታ ከላይ ጥቁር መረብ ይጎተትበታል። የጓደኛዬ አጎት በሸራዎቹ መሐል ይመላለሳሉ፣ ጎንበስ ብለው አንድ ቅጠል ያነሳሉ፣ ያጥፏታል፣ ያሸቷታል፣ ይጥሏታል። ሰዓት አያዩም። ቅጠሉ አብረቅራቂነቱ ሲጠፋ፣ አገዳው ሲታጠፍ «ቀጭ» ብሎ የማይሰበር ሲሆን በቃ ይላሉ። ከቀትር በኋላ ጉም ከገደሉ ሥር እየተንከባለለ ይመጣል፤ መንደሩን በአሥር ደቂቃ ይውጠዋል። ስለዚህ ፀሐይዋ እያለች መጨረስ ነው። ዝናብ የመጣ ቀን የተሠራ ሻይ ዓመቱን ሙሉ ያስወቅሳል።

ጉሙ ግን ጠላት አይደለም፣ ዋጋው የሚወጣው ከሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩን ይጋርዳል፣ ማታው ይቀዘቅዛል፣ ቅጠሉ ቀስ ብሎ ያድጋል። ቀስ ብሎ ያደገ ቅጠል ወፍራም ነው፤ የሚያኮማትረው ነገር ይቀንስና ጣፋጭነት የሚሰጡት አሚኖ አሲዶች ይበዛሉ። የቆላው ሻይ ምላስ ላይ የሚይዘው፣ የተራራው ደግሞ ጉሮሮ ላይ ለስልሶ የሚወርደው ለዚህ ነው።

ከዚያ ወደ ቤት። አንድ ክፍል አለ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ፣ እያንዳንዱ መደርደሪያ ላይ የቀርከሃ ትሪ። ትሪ ያልኩት ቃል ጠፍቶኝ ነው፤ ሰፌድ ነው፣ ትልቅ ሰፌድ። ቅጠሉ ስስ ሆኖ ይበተንበታል። ክፍሉን በማቀዝቀዣ ቀዝቃዛ ያደርጉታል። ዝም ይባላል። ከአንድ ሰዓት ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ አጎቱ ይገቡና ሰፌዱን ያወርዱታል፤ በሁለት እጃቸው ቅጠሉን ከስር ዘግነው ከፍ ያደርጉታል፣ ይለቁታል፣ ከፍ ያደርጉታል፣ ይለቁታል። ለአንድ ደቂቃ ያህል። ከዚያ እንደገና ይበትኑትና ወደ መደርደሪያው። ሁለተኛው ዙር ትንሽ ይረዝማል፣ ሦስተኛው ይጠነክራል፣ የመጨረሻው ላይ ትልቅ የቀርከሃ ከበሮ ውስጥ ተከቶ ይሽከረከራል።

ይሄ ምን ይሠራል? የቅጠሉ ጠርዝ ይጋጫል፣ ይጋጫል፣ ጠርዙ ብቻ ይቆስላል። መሐሉ ደህና ነው። የቆሰለው ጠርዝ ይቀላል፣ መሐሉ አረንጓዴ ይቆያል። ድብልቅ ካላችሁ ድብልቁ ይሄ ነው፤ አንዲት ቅጠል ላይ።

አገዳው የሚያስፈልገውም እዚህ ነው። እነሱ «ውሃው ይራመዳል» ይላሉ። ቅጠሉ ጠውልጎ ሲተኛ፣ ከአገዳው ውሃ በጅማቱ በኩል ወደ ቅጠሉ ይሄድና ቅጠሉ ተመልሶ ቀና ይላል። በዓይኔ አይቻለሁ፣ የሞተ የመሰለው ቅጠል ከሰዓት በኋላ እንደ ጎመን ተነሥቶ። ከዚያ እንደገና ይነቀነቃል፣ እንደገና ይተኛል፣ እንደገና ይነሳል። ውሃው ሲወጣ ምሬቱንና የጥሬ ሣር ጠረኑን ይዞ ይወጣል። ጅማቱ ቀድሞ ከተሰበረ ግን ውሃው መንገድ ያጣል፤ ቅጠሉ ውስጥ ይቆማል። ያ ሻይ መራራ ነው፣ ምንም ቢደረግ አይድንም።

የኔ ጥፋት እንዲህ ነው የሆነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ «እስቲ ሞክር» አሉኝ። ገብስ ሲበጠር እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ሰፌድ ምን ያስፈራኛል ብዬ ገባሁበት። ቅጠሉን እንደ እንጀራ ሊጥ ጨበጥኩት መሰለኝ። አጎቱ ምንም አላሉም፤ ሰፌዷን ከእጄ ወሰዱና ከሌሎቹ ለይተው ወለል ላይ አስቀመጧት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስናያት መሐሏ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቶ እንደተረገጠ ሙዝ ልጣጭ ሆናለች። ጓደኛዬ ሳቀ። አጎቱ ግን «አሽትታት» አሉኝ በምልክት። ሽታዋ የእርጥብ ሣር ነበረ፣ ያውም የከረመ።

ጎረቤት ያሉት ሰፌዶች ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ናቸው። ይህን በቃላት ማስረዳት ይከብዳል፣ እስቲ ልሞክር። አመሻሽ ላይ ክፍሉ የበዓል ቀን የተጎዘጎዘ ቄጠማ ነው የሚሸተው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ያ ይጠፋል፣ ምንም አይሸትም፤ እኔማ ከነአካቴው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ከሆነ ጥግ አበባ መሽተት ይጀምራል። መጀመሪያ ስስ ነው፣ ማታ ማታ የሰው አጥር ላይ እንደሚያውደው ነጭ አበባ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ክፍሉ በሙሉ አበባ ሆነ። አንድም የአበባ ጠብታ አልተጨመረበትም። ቅጠሉ ነው፣ እየቆሰለ ራሱ የሚያወጣው። ከነዚህ ንጥረ ነገሮች አንዱ ሊናሉል ይባላል፤ በሶብላችንና ድምብላላችን ውስጥ ያለው ነው። ሌላው ኔሮሊዶል ነው፣ ቅጠሉ በተነቀነቀ ቁጥር የሚጨምር።

መቼ እንደሚቆም የሚወስኑት አጎቱ ናቸው፣ በአፍንጫቸው። እዚያ እንዲህ ያለውን ሰው «ሺፉ» ይሉታል፤ እኛ «ማስተር» ብለን በአክብሮት እንደምንጠራው የእጅ ባለሙያ። ትንሽ ቀድሞ ካቆሙት ሻዩ ሣር ሣር ይላል፣ ትንሽ ከዘገዩ አበባው ወደ ፍራፍሬ ያልፍና ሌላ ሻይ ይሆናል። ያን ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥተው አሽትተው ሦስት ጊዜ ተመልሰው ተኙ። አራተኛው ላይ መብራቱን ሁሉ አበሩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። እሳት። ቅጠሉ የሚገባበት የብረት ከበሮ ከ200 ዲግሪ በላይ የጋለ ነው፤ ትልቅ የቡና መቁያ አስቡ። ደረጃው በቋንቋቸው «አረንጓዴውን መግደል» ይባላል፤ የሚገደለው ግን ኢንዛይሙ ነው። መጀመሪያ ሲገባ ይንጣጣል፣ እንደ ፈንዲሻ ሳይሆን እንደ እርጥብ እንጨት። ድምፁ ሲቀንስ፣ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ወጣ። የቀለም ነገር እዚህ አበቃ። የቆመበት ላይ ቆመ።

የኔዋን ሰፌድ ግን ከበሮው ውስጥ አላስገቧትም። ባለቤታቸው ወጥ ቤት ወስደው በብረት ድስት ላይ ቆሏት፣ በእጃቸውም አሹዋት። የሻይ ቤት ሰው ምንም አይጥልም።

ቀኑ ሲነጋ ሁሉም ትንሽ ተኛ። ከሰዓት በኋላ የመጣው ደግሞ እኔ በሕይወቴ ካየኋቸው አድካሚ ሥራዎች አንዱ ነው። የአሊሻን ሻይ ስትገዙት ጠጠር የመሰለ ድቡልቡል ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጅራት ያለው። ያ ቅርጽ ዝም ብሎ አይመጣም። ወደ 20 ኪሎ ቅጠል በጨርቅ ይጠቀለልና ማሽን ያጠብቀዋል፤ ልጅ ሆነን የምንሠራት የካልሲ ኳስ አለች አይደል፣ እሷን አንድ ሰው አቅፎ የማይዛት አድርጋችሁ አስቧት። ኳሱ በሁለት የብረት ሰሌዳ መሐል ይሽከረከራል፣ ይፈታል፣ ቅጠሉ ይበተናል፣ ትንሽ ይሞቃል፣ እንደገና ይጠቀለላል። ስንት ጊዜ? ከ30 ጊዜ በላይ። እኔ 11 ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። በየዙሩ ቅጠሉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ይኮማተራል፣ ማታ ላይ ድቡልቡል ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ማድረቂያ። ከለቀማው እስከዚህ ሁለት ቀን ገደማ አልፏል። ከ4 እስከ 5 ኪሎ እርጥብ ቅጠል 1 ኪሎ ደረቅ ይወጣዋል።

አላለቀም። አገዳው ውሃውን አመላልሶ ጨርሷል፣ አሁን አይፈለግም። የሰፈሩ እናቶች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አገዳውን ከድቡልቡሉ ይለቅማሉ። ምስር ለቀማ ነው ራሱ፤ ወሬውም ሳይቀር ምስር የሚለቀምበት ወሬ ይመስል ነበር፣ አንዱም ቃል ባይገባኝ። በዓይን የሚለይ ማሽንም መጥቷል፣ ትልልቆቹ አላቸው።

የሚቆላም አለ። ዶንግ ዲንግ የሚባለው ከ700 ሜትር አካባቢ የሚመጣው ሻይ በዝግታ ተቆልቶ የለውዝ ሽታ ያመጣል። የተራራው ግን አሁን አሁን ቁላቱም ቅላቱም እየቀነሰ ሄዷል፤ ገዢው አበባ አበባ የሚሸተውን ስለሚወድ። ሽማግሌዎቹ «ሆድ ይነካል» እያሉ ያማርራሉ። እኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነኝ፣ በተለይ በባዶ ሆድ።

አሁን ስለ ግዢ አንድ ነገር፣ ምክንያቱም ጽሑፋችሁን አንብቦ የሚሮጥ ሰው ይኖራል። ባለፈው ዓመት እዚሁ አዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ «ሚልክ ኡሎንግ» የሚል ቆርቆሮ ገዛሁ። ስከፍተው የወተት ከረሜላ ጠረን ፊቴ ላይ ፈነዳ። ሁለተኛ ውሃ ሳፈስበት ጠረኑ የለም፤ ሦስተኛው ላይ ሙቅ ውሃ ብቻ። ሽቶ ተረጭቶበታል ማለት ነው። እውነተኛው ጂን ሹዋን የሚባል ዝርያ ነው፤ የታይዋን የሻይ ምርምር ጣቢያ አዳቅሎ 12 ቁጥር ብሎ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው። የወተት ነገሩ ስስ ነው፣ ከዋጣችሁት በኋላ ነው የሚታወቃችሁ። አሊሻን ላይ የሚከበረው ሌላው ዝርያ ቺንግ ሺን ነው፣ «አረንጓዴ ልብ» ማለት፤ የሱ ደግሞ አበባው ነው። ቬትናም ውስጥ በዚሁ ዘዴ ተሠርቶ በታይዋን ስም የሚሸጥም አለ፤ ቬትናም የተሠራ መሆኑ ነውር አይደለም፣ ስሙ ነው እንጂ።

ለመፈተን ቀላል ነው። ጠጥታችሁ ስትጨርሱ ቅጠሉን አውጥታችሁ ሰሃን ላይ ዘርጉት። ትናንት ማታ የኔን ዘርግቼ አየሁት። ድቡልቡሏ ተከፍታ የመዳፌን ግማሽ ታክላለች። ሙሉ ቅጠል፣ ወፍራም፣ ሥጋ ያላት የምትመስል። ጠርዟ ዙሪያ የጥርስ ቅርጽ አለ፣ ጥርሱ ጫፍ ላይ ደግሞ ቀይ ነጠብጣብ፣ እንደ ስስ ጥልፍ። ያ ነጠብጣብ የዚያ ሌሊት ንቅነቃ ነው። ድብልቅ ቢሆን ኖሮ ሰሃኔ ላይ አንድ አረንጓዴና አንድ ጥቁር ቅጠል ነበር የማገኘው።

አፈላሉ ላይም ጽሑፋችሁ ለብ ያለ ውሃ ይላል። ኧረ በጭራሽ! ድቡልቡሉ የሚከፈተው በሚፈላ ውሃ ነው። በተለይ እኛ። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው፣ 92 አካባቢ። ስለዚህ ከእሳቱ እንደወረደ፣ ሳይውል ሳያድር። ከ6 እስከ 7 ግራም ቅጠል፣ ሁለት የቡና ስኒ የሚሞላ ትንሽ ማንቆርቆሪያ፣ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ቅዱ። ስኳር አታድርጉ። ቅርንፉድና ቀረፋ ለራሳችን ሻይ ይቅሩ፤ እወዳቸዋለሁ፣ ግን እዚህ ላይ አበባውን ይደፍቁታል። ከዚያ እንደገና ውሃ፣ እንደገና ውሃ። የኛ ቡና አቦሉ ጥቁር፣ ቶናው ሳሳ፣ በረካው ለምርቃት ነው። ይሄኛው ግን አቦሉ ላይ ገና እንቅልፉን አልጨረሰም፤ የሚጣፍጠው ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው፣ አምስትና ስድስትም ይሄዳል። እናቴ መጀመሪያ ቀን «ይሄን ሁሉ ጊዜ አንዱን ቅጠል?» አለች። አሁን አራተኛውን ለሷ አስቀምጣለሁ።

ወደ ተራራው ልመለስ። «እኛም ተራራ አለን፣ ምን ይጎድለናል» ላላችሁት፣ ተራራማ አይጎድለንም። ከፋ ውስጥ ያለው የውሽ ውሽ የሻይ እርሻ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ እኔ ካደርኩባት መንደር በብዙ ይበልጣል። ግን ከፍታ ብቻውን ቁጥር ነው። አሊሻን ያለበት ቺያይ ላይ የሐሩር ክልል የሰሜን ድንበር የሆነው የካንሰር መስመር ያልፋል፤ የብርዱ ወራት የእውነት ብርድ ነው፣ ሊሻን ላይ ውርጭ ይወርዳል፣ ተክሉ ወራት ያህል ይተኛል። ስለዚህ ሊሻን ላይ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው የሚለቀመው። ከፋ ወደ ምድር ወገብ የቀረበ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ይሰጣል። ፋብሪካዎቻችንም የሚሠሩት ቅጠሉን ጨፍልቆ ቀዶ የሚጠቀልል ማሽን ያለበት ሥራ ነው፤ ጥሩ ጥቁር ሻይ ያወጣል፣ በቀን ውስጥ ያልቃል፣ ለብርጭቆ ሻይ የተሻለ የለም። ኡሎንግ እንሥራ ካልን ዝርያው ሌላ፣ አለቃቀሙ ሌላ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥቶ የሚያሸት ሰው ያስፈልጋል። አይቻልም አላልኩም። አንድ ሰው ትንሽ ቦታ ይዞ ቢሞክር የመጀመሪያው ገዢ እኔ ነኝ። ግን ተራራ በመቁጠር አይጀመርም።

ደግሞም ተራራ ስንል እነሱ የከፈሉትን አንርሳ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2009 ሞራኮት የሚባለው አውሎ ነፋስ አሊሻን ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ2,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ አወረደ። አዲስ አበባ በሁለት ዓመት ከምታገኘው ይበልጣል። መንገዱ ተቆረጠ፣ ዳገቱ ወረደ። እኛ በሄድንበትም መንገድ ላይ አውቶቡሱ በየቦታው በአዲስ ግንብ አጠገብ ነበር የሚያልፈው። ደን መንጥሮ ሻይ መትከልም ያስጠይቃል። ዳዩሊንግ የሚባለው፣ ከሁሉም ከፍ ያለውና ከሁሉም ውድ የሆነው ሻይ የሚመጣበት ቦታ ላይ፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 የራሱን መሬት አስመልሶ የሻይ ተክሉን አስነቅሎታል። እኛ የከፋን ደን ይዘን «ተራራ ሞልቶናል» ስንል ይሄም ሊታወቅ ይገባል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንድ ማረሚያ ነው፣ ትንሽ ሳጥን ትበቃለች፤ ኡሎንግ ድብልቅ አይደለም፣ የተብላላም አይደለም፣ ውሃውም ይፍላ።

አንድ ነገር ረሳሁ። ስመለስ አጎቱ ሁለት ፓኬት ሰጡኝ። አንዱ በአየር አልባ ፕላስቲክ የታሸገ፣ 150 ግራም፣ በነሱ ሚዛን 4 ሊያንግ የሚሉት። ሌላው ስም የሌለው የወረቀት ከረጢት ነበር። ያ የኔው ሰፌድ ነው፤ ባለቤታቸው በድስት የቆሉት። ታይፔ ገብቼ አፈላሁት፣ መራራ ነበር፣ ሣር ሣር ይል ነበር፣ ለሁለት ወር ግን ጠዋት ጠዋት እሱን ነበር የምጠጣው። አልቋል። ከጥሩው ግን ጓደኛዬ በቅርቡ የላከልኝ አለ፤ ያን ጽሑፍ የጻፉት ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ጊዜ ካላቸው በናንተ በኩል ያግኙኝ፣ ውሃ አፈላለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከገርጂ፣ አዲስ አበባ